መርፌው በማን እጅ ነው?
ስለ ክትባት ጥርጣሬ፤ ከስሜን ተራሮች ሥር እስከ እስራኤል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ከደረሰ በኋላ ምድር ከእግሩ ሥር የተቈረጠች ይመስለዋል። ይህ ቦታ ሊማሊሞ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን መኪና የሚሄድበትን ጠመዝማዛ መንገድ ከማውጣታቸው በፊት፣ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ ይህንኑ ዳገት ይወጣ ነበር። ዳገቱ ጨርቅም ጠመንጃም ወጥቶበታል፤ በሽታና መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ተከታትለው ወጥተውበታል።

እኛ ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው መድኃኒቱ ደጃፍ ድረስ ከመጣ በኋላ ሰው ስለምን እጁን እንደሚሰበስብ ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ክትባቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሠርቶ ሲቀርብ፣ በብዙ አገር በቍጥር አነስተኛ የሆኑ፣ በቀለማቸው ወይም በዘራቸው ተለይተው የሚታዩ ወገኖች ከሌላው ይልቅ ሲያመነቱ ታዩ። ይህ ነገር በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ አዳራሻችን ሲነሣ የምንሰማው ፍርድ አንድ ነው። «ስላልተማሩ ነው» ይባላል፤ ጨዋታውም በዚያው ያልቃል።

ይህ ፍርድ ለእኛ ለተማሪዎች በጣም የሚመች ነው፤ ነገሩን ሁሉ ከእኛ አርቆ በሌላው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያኖረዋልና። ነገር ግን የታሪኩን መዝገብ ገለጥ ስናደርግ ሌላ ነገር እናገኛለን። መርፌን ከሚፈሩት ሰዎች መካከል ያላወቀ አለ፤ ያልረሳም አለ። ሁለቱም መርፌውን ሲያዩ እኩል ወደ ኋላ ይላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድ ስብከት ልንመልሳቸው አንችልም። ላላወቀው ማስተማር ይበቃው ይሆናል። ላልረሳው ግን አስቀድሞ የሚከፈል ዕዳ አለ። ይህንንም ለማስረዳት ከዚሁ ከስሜን ተራሮች ሥር የወጡ ወገኖቻችንን ታሪክ እንጠቅሳለን። (ዓመቶቹን ሁሉ የሰጠነው በአገራችን አቈጣጠር ነው።)

ቃሉና ሥራው

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም፣ በክንድ የሚሰጠው ክትባትም ከዚሁ ግንድ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ክትባት ለአገራችን ሰው በመኪና ተጭኖ የመጣ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዘመናዊው ክትባት ከመግባቱ ከረጅም ዘመን በፊት፣ ፈንጣጣ በአገር ላይ ሲነሣ ከሕመምተኛው ቍስል ጥቂት መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር በማድረግ ማስገባት በደጋው አገር የታወቀ ሥራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን ሥራ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። እንዲህ የተከተበው ሰው ብዙውን ጊዜ በሽታው ቀለል ብሎ ይይዘውና ከዚያ ወዲያ አይነካውም። ነገር ግን አንዳንዱ ይሞትበታል፤ ከተከተበውም ሰው በሽታው ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሊማሊሞ ራሱ ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ይህን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር። ብሩስ እንደ ጻፈው በመጀመሪያ ሕሙማኑ የተሰጡት ለእርሱ አልነበረም፤ ከዋልድባ ለመጣ መነኵሴ ነበር። መነኵሴው የታወቀ ሰው ነው፤ ብሩስ ግን ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ፈረንጅ ነው። ሕሙማን መሞት ከጀመሩ በኋላ ነው ብሩስ የተጠራው። የወይዘሮ አስቴር ልጅ በእጁ ሲድን ግን የቤተ መንግሥቱ በር ተከፈተለት። ቤተ መንግሥትም ቢሆን፣ ጎጆም ቢሆን፣ ሰው መድኃኒቱን ከመመርመሩ አስቀድሞ መድኃኒተኛውን ይመረምራል።

ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በጥር 1963 ዓ.ም.፣ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ይኸውም በዚያን ዓመት በዓለም ሁሉ ከተመዘገበው ግማሽ ያኽል ነው። ከታቢዎቹ በጎጃምና በበጌምድር ደጋ ብዙ እንቢታ ገጠማቸው። ስለምን ቢባል፣ አንደኛ በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ከእስያው ይልቅ ቀላል ስለ ነበረ የሚገድለው ጥቂቱን ነበር። ሁለተኛ ገበሬው የራሱ ከታቢ ነበረው። ሦስተኛውን ምክንያት እኛ ከዘመኑ ታሪክ እንገምታለን። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ግብር ምክንያት ተነሥቶ ከመንግሥት ጋር ተዋግቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የመንግሥት መኪና መጥቶ «ክንድህን ስጠን» ሲለው፣ ገበሬው የሚያስበው ስለ ፈንጣጣ ብቻ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዘመቻው ተሳካ። የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መውጣቷ ታወጀ። በሽታው የጠፋው ከታቢዎቹ መንደር ለመንደር በእግር እየተጓዙ፣ የታመመውን እየፈለጉ፣ በአካባቢው ያለውን እየከተቡና የአገሩን ሰው ለሥራው እየቀጠሩ ነው። አዋጅ ብቻውን ይህን ሁሉ ባላደረገ ነበር።

ከተራራው ሥር የነበሩ ጎረቤቶች

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ደጋው ገበሬ ነው። እርሱ ባለ ርስት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ጎረቤቱም የራሱ ናቸው፤ የሚጠራጠረው ከሩቅ የመጣውን ባለሥልጣን ብቻ ነው። በዚያው በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ግን ሌላ ወገን ነበረ። ለዚህ ወገን ባዕድ ከሩቅ የሚመጣ አልነበረም፤ ከጎን የሚኖረው ጎረቤት ራሱ ባዕድ ነበር። ይህ ወገን ቤተ እስራኤል ነው።

ቤተ እስራኤል እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን ተራሮች ላይ የራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው። በጦር ከተሸነፉ በኋላ ብዙዎቹ ርስት አልባ ሆነው ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛና ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖሩ። ገበሬው በእጃቸው ሥራ ያርሳል፤ በእጃቸው ሥራ ወጡን ይሠራል። ሲመሽ ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። ልጅ ቢታመም ከብትም ቢሞት ጥርጣሬው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይሄድ ነበር። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ጎረቤት ያወጣላቸው እንጂ ራሳቸው የመረጡት አልነበረም። እንግዲህ ስለ ጥርጣሬያቸው ስንጽፍ ታሪኩ የጀመረው ባሕር ማዶ እንዳልሆነ፣ የመጀመሪያውም ገጽ በእኛው አገር እንደ ተጻፈ ማወቅ ይገባናል።

በ1970ዎቹ ከነዚህ መንደሮች ብዙ ሺሕ ሰው ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ወረደ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ በረኃብ፣ በኩፍኝና በሌላም በሽታ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በ«ሙሴ ዘመቻ» ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ተጓዙ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ«ሰሎሞን ዘመቻ» በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። እነዚህ ሰዎች የሄዱት ወገኖቻችን ወደሚሏቸው አገር ነው። እዚያ የገጠማቸው ነገር ስለዚህ ይበልጥ ከበዳቸው።

ሦስት መዝገቦች

የመጀመሪያው መዝገብ የደም ጠብታ ነው። የእስራኤል ዋና የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸውን ለማረጋገጥ ሲል መጤዎቹ በውኃ እንዲጠመቁ፣ ወንዶቹም አስቀድመው የተገረዙ ቢሆኑም ለምልክት የደም ጠብታ እንዲፈስሳቸው ጠየቀ። እነርሱ ስለ ሃይማኖታቸው ሲንቋቸው ከኖሩ ጎረቤቶች ሸሽተው ሃይማኖታቸውን ለማስመስከር እንደ ገና ስለት ቀረበላቸው። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢየሩሳሌም ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያኽል ተቀምጠው ተቃወሙ።

ሁለተኛው መዝገብ የተጣለው ደም ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ እንደ ገለጸው፣ የአገሩ የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን የሚለግሱትን ደም ሲቀበል ቆይቶ በስውር ይጥለው ነበር። ምክንያቱ የኤች.አይ.ቪ. ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ ነገሩን በሚዛን መመልከት ያስፈልጋል። የደም ባንክ ለጋሽን መምረጡና ደምን መመርመሩ ግዴታው ነው፤ በዚህ የሚያስቀይም ነገር የለም። ነገር ግን የሰውን ክንድ ወግቶ፣ ደሙን ቀድቶ፣ አመስግኖ ከሸኙ በኋላ ደሙን ከቆሻሻ መጨመር ሌላ ነገር ነው። ለጋሾቹ ከወታደር ቤት ያሉ ወጣቶች ጭምር ነበሩ። ወደ 10,000 የሚሆን ሕዝብ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚደንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ከዚህ ሁሉ በኋላም፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ በጎንደር አጠገብ የተወለዱት የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ለመለገስ ቀርበው በትውልዳቸው ምክንያት ተመለሱ።

ሦስተኛው መዝገብ መርፌው ራሱ ነው። በ2005 ዓ.ም. በእስራኤል ትምህርታዊ ቴሌቪዥን የቀረበ አንድ ዝግጅት 35 ኢትዮጵያውያን ሴቶችን አነጋግሮ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የመሸጋገሪያ ጣቢያዎች ሳሉ፣ በኋላም እስራኤል ከገቡ ወዲህ፣ ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን በየሦስት ወሩ የሚወሰድ የወሊድ መከላከያ መርፌ እንዴት እንደ ተሰጣቸው አስነገረ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ክትባት ነው ተብለን ወሰድነው አሉ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች ማንንም አላስገደድንም ብለው ክደዋል። ሆኖም በጥር 2005 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ሐኪሞች ሴቲቱ ነገሩን መረዳቷ ካላረጋገጡ በቀር ማዘዣውን እንዳያድሱ መመሪያ ሰጡ። በ2008 ዓ.ም. የመንግሥቱ ዋና ተቈጣጣሪ ነገሩን መርምሮ ለማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

እኛ ዳኞች አይደለንም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ብለን እንይ። ይኸው በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ዛሬ በኢትዮጵያ ከዘመናዊ የወሊድ መከላከያዎች ሁሉ ይበልጥ ብዙ እናቶች የሚመርጡት ነው። የዳባትና የደባርቅ እናቶች ጤና ኬላ ድረስ በእግራቸው ሄደው ይጠይቁታል። እንግዲህ መርፌው አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። በአንደኛው ቦታ እናቲቱ ጠይቃ ትወስደዋለች፤ ሲበቃት ትተወዋለች። በሌላው ቦታ ምን እንደ ሆነ ሳይገባት፣ ወደምትመኘው አገር የሚያደርሳትን ወረቀት በያዘ ሰው ፊት ክንዷን ሰጠች። ተቈጣጣሪው «ማስገደድ» የሚለውን ቃል ባያገኝም፣ «ማስረዳት» የሚለው ቃል ከመካከሉ መጥፋቱን ከሴቶቹ ቃል እናገኛለን።

ወረርሽኙ ሲመጣ

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እስራኤል ሕዝቧን ከዓለም ሁሉ በላቀ ፍጥነት መክተብ ጀመረች። ክትባቱ በነጻ ነው፤ ጣቢያውም በየሰፈሩ ነው። ስለዚህ ያልተከተበ ሰው መርፌ ስላጣ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በዐረብ ዜጎች፣ አጥብቀው ሃይማኖተኛ በሆኑት አይሁድ፣ ከኢትዮጵያ በሄዱትም ዘንድ ጥቂት የማይባል ማመንታት ታየ።

በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ከተነዙት ወሬዎች አንዱ «ክትባቱ ያመክናል» የሚል ነበር። ወሬው ሐሰት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረገው ምርመራ ክትባቱ ልጅ መውለድን እንደማይከለክል አረጋግጧል። ነገር ግን ይህን ወሬ ሁለት እናቶች ቢሰሙት እኩል አይሰሙትም። የአንዲቱ እናት ጆሮ ወሬውን ሰምቶ ይስቃል። ሁለተኛይቱ ግን ከስምንት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን የቀረቡትን ሴቶች አይታለች፤ ምናልባትም ከነርሱ አንዷ እኅቷ ናት። «ክትባት ነው» ተብሎ ልጅ የሚከለክል መርፌ እንደ ተወጋች የምትናገር ሴት የምታውቅ እናት «ይህም ክትባት ያመክናል» ሲሏት ብትጠረጥር፣ ይህን ድንቍርና ልንለው እንችላለንን? በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞቶ አገሩ በሰልፍ ተናውጦ ነበር። ወረርሽኙ የደረሰው ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ነው። «መንግሥት ለጤንነታችሁ ያስባል» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ሰው ጆሮ ለመግባት ይቸገራል።

በሌላው በኩል መልካም ምሳሌም አለ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ «ጤና ብሪዩት» የሚባል ማኅበር በእስራኤል ተቋቋመ። ስሙ የአማርኛው «ጤና» እና በዕብራይስጥ ያው ጤና ማለት የሆነው «ብሪዩት» አንድ ላይ ተጣምረው የተሠራ ነው። ማኅበሩ የሠራው በአገር ቤት እምብዛም የማያውቁት፣ በአዲሱ አገር ግን በኢትዮጵያውያን መካከል እየበዛ ስለ ሄደው የስኳር በሽታና ስለ መሳሰለው በአማርኛ ማስተማር ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ወረርሽኝ ሲመጣ ራሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ሽማግሌው ነርሷን ያውቃታል፤ ስለ ስኳሩ ነግራዋለች፤ ስለ ዓይኑም ጠይቃዋለች። ስለዚህ ስለ ኮቪድ ስትነግረው ሊሰማት ይችላል።

የሌሎች አገሮች ምስክርነት

ይህ ነገር የቤተ እስራኤል ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ተስኪጊ በሚባለው ስፍራ፣ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ከ1925 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ የቂጥኝ በሽታ የያዛቸውን 399 ጥቁሮች ሳያክም በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ሲመለከት ቆይቷል። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም አልሰጣቸውም። ሰዎቹ እየታከምን ነው ብለው ያምኑ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በ2013 ዓ.ም. ክትባት ሲቀርብላቸው ይህን ታሪክ ያነሡ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖረውም ወገናችን በዚያ አገር ጥቁር ነውና፣ የዚያ ትዝታ ወራሽ መሆኑ አልቀረም።

በናይጄርያም በካኖ ከተማ በ1988 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በገባበት ጊዜ የአሜሪካው የመድኃኒት ኩባንያ ፋይዘር በ200 ያኽል ሕፃናት መካከል አዲስ መድኃኒት ሞከረ፤ ቤተሰቦቹም በቅጡ አላስፈቀደንም ብለው ከሰሱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ካኖ የፖሊዮ ክትባት ያመክናል በሚል ወሬ ክትባቱን ለብዙ ወር አቋረጠች።

እዚህ ላይ ግን ጥርጣሬን መረዳትና ጥርጣሬን ማወደስ ሁለት ነገር መሆኑን በግልጽ መናገር አለብን። ቫይረስ ታሪክ አያነብም፤ ይህ ሕዝብ ተበድሏልና ልለፈው አይልም። ከካኖ መከልከል በኋላ የናይጄርያው ፖሊዮ በአፍሪካ ተዛመተ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሱዳን በኩል እንደ ገና ገባባት። በካኖ የተሰበረው እምነት ዋጋ በሰሜን ኢትዮጵያ በሕፃን እግር ተከፈለ። እንግዲህ የተበደለው ሰው በመጠርጠሩ ምክንያት አለው ብለን ካቆምን ሥራው ግማሽ ነው፤ ልጁ ሳይከተብ ቀርቶ ቢሞት የሚጐዳው ያው የተበደለው ሰው ነውና። በዚህም ምክንያት ነው እምነቱን መመለስ ከመርፌው እኩል የጤና ሥራ ነው የምንለው።

ወደ ደጃችን ስንመለስ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት የገባው በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ በዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅና ዳባት ወረዳዎች ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁን ላጣ ቤተሰብ ወረርሽኙ ከሐዘኑ ሁሉ ትንሹ ሊሆን ይችላል። ለዳቦውም ለሐዘኑም ያልመጣ ሰው ለመርፌው ብቻ ቢመጣ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» መባሉ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከባዶ አንጀምርም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያ በፊት በደምቢያ ብዙ ሺሕ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ ተማሪዎቹን በሆስፒታል ብቻ ሳያስቀምጥ ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። በዳባትም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሕዝቡን ልደትና ሞት፣ ሕመምና ፍልሰት ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እነዚህ ሴቶች ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ ናቸው። እናቲቱ የሠራተኛዋን እናት ታውቃለች፤ በለቅሶ ይገናኛሉ፤ በማኅበር አብረው ይጠጣሉ። በአንድ እጅ ክትባት በሌላው እጅ እንዲህ ያለ ዝምድና ይዞ የሚመጣ ሰው ከማንኛውም ሰባኪ ይበልጣል።

ነገር ግን በእኛም አገር ከዚህ ዝምድና ውጭ የቀሩ አሉ። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች፣ በየመንደሩ በቡዳነት የሚታሙት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ጎረቤት የማይጋባቸው፣ በአንድ ዋንጫ የማይጠጣቸው ወገኖች አሉ። ከነርሱ ቤት ከታቢ ሲሄድ፣ ያቺ ከታቢ ቡናቸውን ትጠጣለችን? እንጀራቸውን ትቈርሳለችን? ካላደረገች፣ በቃልዋ የምትነግራቸውን ሁሉ በእጅዋ አፍርሳዋለች። ለሰው ከቤቱ አንድ ስኒ ቡና ሳይቀበሉ ክንዱን እንዲሰጥ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

የእኛ ድርሻ

ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ጥቂቶቻችን ሐኪምና ነርስ እንሆናለን። ብዙዎቻችን ግን አስተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ አስተርጓሚ፣ የቢሮ ጸሓፊ ነን። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ምን አገባን የሚል ቢኖር መልሳችን ይህ ነው፤ ከላይ ያየናቸው ሦስት መዝገቦች አንዳቸውም የሳይንስ ጕድለት አይደሉም። ሁሉም የቃል ጕድለቶች ናቸው። ያልተነገረ፣ ያልተተረጐመ፣ ተደብቆ የተሠራ ነገር ነው ሰውን ያስቀየመው። ቃል ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው አጭር ነው። ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ የሚጠራጠር ሰው ቢያጋጥመን «ምን ሰማህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ደረሰብህ?» ብለን እንጠይቅ፤ ወሬ ከሆነ እናርመው፤ የደረሰበት ነገር ከሆነ እንስማው። ክትባት ክንድ እንደሚያሳብጥና ትኵሳት እንደሚያስነሣ አስቀድመን እንንገር፤ ትንሹን የደበቀ ሰው ትልቁንም ሳይደብቅ አይቀርም ይባላልና። ሰውየው በሚናገርበት ቋንቋ እናስረዳ፤ ካልገባው እንደ ገና እናስረዳ፤ እንቢ ቢልም ሳንሰድበው ነገ ተመልሰን እንሂድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረርሽኝ እስኪመጣ አንጠብቅ። የፈንጣጣ ከታቢዎች መንደሩን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ኮቪድ ግን ዓመታት አልሰጠንም፤ የሚቀጥለውም አይሰጠንም።

ከስሜን ተራሮች ሥር የወጡት ወገኖቻችን ከአንዱ ጥርጣሬ ወደ ሌላው ጥርጣሬ ተጓዙ። እነርሱ ጤናን አልጠሉም፤ ደማቸውን እንኳ ለማያውቁት ሰው ሊለግሱ ተሰልፈው ነበር። እምነታቸው የጐደለው ያ ደም ከተጣለ በኋላ ነው። በየመንደራችን ዛሬ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ገና ያልተናቀ እምነት አለ፤ እርሱን ሳናባክን ልንጠብቀው ይገባናል።